የገበያ ፊልም፣ ያለ መጋረጃ

ገበያ መውጣት አልወድም። አትፍረዱብኝ፤ በድሬዳዋ ፀሐይ ታይዋንን አንድ ጊዜ የዞረ ሰው ነገሩ ይገባዋል። ታይዋን የምላችሁ ሩቅ ምሥራቅ ያለውን አገር ሳይሆን የኛኑ ገበያ ነው። ጨርቁ ከላይ ተንጠልጥሎ፣ ዕቃው ከታች ተዘርግቶ፣ ባጃጁ በመሀል ጥሩምባውን እየነፋ፣ ሰው ከሰው እየተጋፋ፣ ላብ ከላብ እየተዋወቀ ይዋላል። እኔ ደግሞ ከኋላ ፌስታል ይዤ እከተላለሁ። በትዳር ዘመኔ ሁሉ ያለሁበት የሥራ መደብ ይህ ነው። እድገት የለውም፤ ዝውውር የለውም፤ ልልቀቅ ብልም የሚተካኝ የለም።

ባለቤቴ ወይንሸት ግን ለገበያ የተፈጠረች ሴት ናት። በተለይ ለሀሊማ ሱቅ። ሀሊማ ጨርቅ ነጋዴ ናት። የሶማሌ ልጅ ብትሆንም ድሬ ተወልዳ ድሬ ያደገች ስለሆነች ሶማልኛውን፣ ኦሮምኛውንና አማርኛውን ባንድ አፍ አስማምታ ታኖራቸዋለች። ከወይንሸት ጋር የተዋወቁት ልጃችን ሊያ ልትወለድ አካባቢ ነው። ወይንሸት የሕፃን መጠቅለያ ልትገዛ ገባች፤ ተከራከረች፤ ተጣላች፤ ሻይ ጠጣች፤ መጠቅለያዋን ይዛ ወጣች። ሊያ አሁን ዩኒቨርሲቲ ጨርሳለች፤ ክርክሩ ግን አላለቀም።

የሁለቱን ክርክር ያላየ ሰው ድሬን አየሁ አይበል። መጀመሪያ ሀሊማ ዋጋ ትጠራለች። ወይንሸት ደረቷን ይዛ "ገደልሽኝ!" ትላለች። ሀሊማ "ወላሂ እኔ ራሴ የገዛሁበት ነው፣ አባዮ" ትላለች፤ አባዮ ማለት በሶማልኛ እህቴ ማለት ነው፤ እህትነት ግን ዋጋ አያስቀንስም። ወይንሸት ግማሹን ትሰጣለች። ሀሊማ ተቀይማ ጨርቁን ትጠቀልላለች። ከዚያ ሻይ ይመጣል። ስለ ልጆች ይወራል፤ ስለ ጉልበት ሕመም ይወራል፤ ስለ እኔም ይወራል፣ እኔ እዚያው በርጩማ ላይ ፌስታሌን አቅፌ ተቀምጬ። ሻዩ ሲያልቅ ክርክሩ ካቆመበት ይቀጥላል። በመጨረሻ ወይንሸት "በይ ደህና ዋይ" ብላ ተነሥታ ትወጣለች። ከመንገዱ ማዶ ካለው ጭማቂ ቤት ስትደርስ ሀሊማ አንገቷን ብቅ ታደርግና "ወይንሸት! ነይ! ነይ ውሰጂው!" ብላ ትጠራታለች።

ይህ እንግዲህ ሕግ ነው። ገዢ ይሄዳል፤ ሻጭ ይጠራል። የጻፈው የለም፤ ግን ድሬ ውስጥ ይህን የማያውቅ ሰው ካለ ከመኪና የወረደው ዛሬ ጠዋት ነው።

ነገሩ የተበላሸው በመጋረጃ ነው። ወይንሸት ለሳሎናችን አዲስ መጋረጃ ልታሰፋ አሰበች። ገበያ በወጣንበት ቀን ጠዋት የድሮውን መጋረጃ አውርዳ፣ ቀዳድዳ፣ የማድቤት መጥረጊያ አደረገችው። እንዲህ ነበር በሀሊማ የምትተማመነው። ያልጠረጠረ ተመነጠረ ይባል የለ? ሀሊማ ደስ የሚል ወይን ጠጅ ጨርቅ አወጣች። ዋጋ ተጠራ፤ ደረት ተያዘ፤ ሻይ ተጠጣ። ያን ቀን ሀሊማ ዝም ዝም ብላ እንደነበር አሁን ትዝ ይለኛል፤ ያኔ ግን ሙቀቱ መስሎኝ ነበር። ወይንሸት "በይ ደህና ዋይ" አለች። ወጣን።

ጭማቂ ቤቱ ደረስን። ጥሪ የለም።

ወይንሸት ጎንበስ ብላ ጫማዋን አስተካከለች። ጫማው ምንም አልሆነም ነበር። ጥሪ የለም። ጥቂት ሄድ አለችና የፕላስቲክ ሳፋ አንሥታ ገልብጣ አየችው። ቤታችን ሳፋ ሞልቶ ተርፏል። ሳፋ ሻጩ ዋጋ ነገራት፤ አልሰማችውም፤ ጆሮዋ ያለው ከኋላዋ ነው። እኔ ሁኔታውን ላጣራ ዞር ልል ስል "እንዳትዞር!" አለችኝ ከንፈሯን ሳታንቀሳቅስ። ሳፋውን አስቀምጣ አንድ ባልዲ አነሣች። ባልዲውንም ጨረሰች። ገበያው ውስጥ የሚገለበጥ ዕቃ ሲያልቅ ባጃጅ ተሳፍረን ወደ ሳቢያን፣ ወደ ቤታችን ሄድን። 

ከዚያ በኋላ ሀሊማ አልደወለችም። ወይንሸትም አልደወለችም። ሳሎናችን መስኮቱ ራቁቱን ቀረ።

ድሬ ላይ ያለ መጋረጃ መኖር ምን እንደሆነ ልንገራችሁ። አንደኛ፣ ፀሐይዋ እንደ ቤተሰብ አባል ገብታ ሶፋ ላይ ትቀመጣለች። ሌላው ደግሞ የመንገደኛው ነገር ነው። ሽርጤን አገልድሜ ምሳዬን ስበላ በመስኮት የሚያልፍ ሁሉ ያየኛል፤ እኔም አየዋለሁ፤ የተያየ ሰው ደግሞ "እንብላ" መባል አለበት። አንድ እንጀራ ለመጨረስ መንገዱን ሁሉ ስጋብዝ እውላለሁ። መንገደኛውም ወጉ ነውና "ብሉ፣ ይባረክ" ብሎ ያልፋል። አንዱ ግን አንድ ቀን "እሺ" ብሎ ገባ። ጥሩ ሰው ነበር፤ ስሙን እስከ ዛሬ አላወቅነውም።

"ለምን ከሌላ ሱቅ አንገዛም?" ብዬ ወይንሸትን ጠየቅኋት። ሌላ እናት ፈልጊ ያልኳት ይመስል ትክ ብላ አየችኝ። ወይንሸት እህት የላትም። አባቷ የሞቱ ጊዜ ሀሊማ ሱቋን ዘግታ ድንኳኑ ውስጥ ከጎኗ ተቀምጣ ነው የሰነበተችው። ስለዚህ መጋረጃ የለንም ስል የጎደለብን ጨርቅ ብቻ እንዳይመስላችሁ። ሚስቴ ገበያ መውጣት ትታ ነበር፤ ሳቋም አብሮ ጠፍቶ ነበር። እውነቱን ልናገርና አንጀቴን በላችኝ።

መላውን ያመጣችው ሊያ ናት። አንድ እሑድ ስልኳን እየነካካች "አባዬ፣ እዚህ ላይ ቤተሰብ አንድ ላይ ሆኖ የሚያያቸው ስለ ገበያ የተሠሩ ፊልሞች ይላል፤ ላውርድ?" አለችኝ።

ጭንቅላቴ ውስጥ መብራት በራ። እኔ ጭንቅላት ውስጥ መብራት ሲበራ ብዙ ጊዜ ቆጣሪው ነው የሚቃጠለው፤ ግን ያኔ አልታየኝም። ወይንሸት ፊልም ላይ ሰው ሲገበያይ ብታይ ገበያው ይናፍቃታል፤ ገበያው ሲናፍቃት ሀሊማ ትናፍቃታለች፤ ሀሊማ ከናፈቀቻት መጋረጃ አገኘን ማለት ነው። ለእኔም ቢሆን ሶፋ ላይ ጋደም ብሎ ገበያ መዋል እስከ ዛሬ ያልተሞከረ ጥሩ ሐሳብ ነበር። "አውርጂ እንጂ!" አልኳት።

ከምሳ በኋላ ተሰበሰብን። ተመልካቾቹ እኔ፣ ወይንሸት፣ ሊያና አማቴ እትዬ ዘነበች ነን። እትዬ ዘነበች ከእኛው ጋር ነው የሚኖሩት። ባለቤታቸው የባቡር ሹፌር ስለነበሩ ከዚያ ዘመን የተረፈ ፈረንሳይኛ አላቸው፤ ሲናደዱ ይወጣል። በክርክር ደግሞ ወይንሸትን ያሠለጠኑ እሳቸው ናቸው። አንድ ጊዜ ሽንኩርት ሻጭ ሲያዩአቸው ዕቃውን ሸፍኖ ሲሸሽ በዓይኔ አይቻለሁ።

ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ግን ምንም አይታይም። ፀሐይዋ በባዶው መስኮት ገብታ ቴሌቪዥኑ ላይ አርፋለች፤ የሚታየው የራሳችን ፊት ብቻ ነው። እኔ አልጋ ልብስ አምጥቼ በሚስማር መታሁት። አልበቃም፤ ጋቢ ጨመርኩ። በቀረው ቀዳዳ የእትዬ ዘነበችን ሻርፕ ወተፍኩበት። አሁን ፊልሙ ይታያል፤ አየር ግን የለም። ድሬ በዚያ ሰዓት መስኮት በጋቢ ከፍኖ የተቀመጠ ቤተሰብ ከእኛ በቀር አልነበረም። ላባችን እየተንጠባጠበ ጀመርን።

የመጀመሪያዋ ፊልም ላይ አንዲት ቀጭን ሴት ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ አድርጋ አንድ የሚያብረቀርቅ ሱቅ ገባች። ቀሚስ አነሣች። መስተዋት አየች። "እወስደዋለሁ" አለች፤ የሚናገሩትን ለአያቷ የምትተረጉመው ሊያ ናት።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ" አሉ እትዬ ዘነበች። "ዋጋው?"

"አልጠየቀችም፣ እማማ።"

"አልጠየቀችም? ሜ ኖን! ሳትጠይቅ?" ወደ እኔ ዞሩ፤ ፊልሙን የሠራሁት እኔ ይመስል። "አሁን ደግሞ ምንድነው የምታሳያት? መታወቂያ ነው?"

"የባንክ ካርድ ነው፣ እማማ። በእሱ ነው የምትከፍለው" አለች ሊያ።

"ሻጯስ እንዲህ ያለችዋን ስታገኝ ለምን 'የመጨረሻ ነው' አትላትም? ሁለቱም ሥራቸውን አያውቁም።"

ወይንሸት ፈገግ አለች። ዕቅዴ ሠራ ብዬ ደስ አለኝ። ወዲያው ግን ሴትዮዋ ቀሚሱን ለብሳ አንድ ወንድ ጋ ሄደች፤ ወንዱ ወገቧን ያዘ፤ ፊታቸው መቀራረብ ጀመረ። የቤተሰብ ፊልም የተባለው ለየትኛው ቤተሰብ እንደሆነ እንጃ። እኔ ጉሮሮዬን ጠራረግሁ። ሊያ ስልኳን ማየት ጀመረች። ወይንሸት "ውሃ ላምጣ?" አለች። እኔ ደግሞ ጋቢው የተዛባ መስዬ ተነሥቼ ቴሌቪዥኑን በጀርባዬ ጋርጄ ቆምኩ። አማቴ ብቻ "አንተ፣ ገለል በል እንጂ፤ ቀሚሱን ልየው" አሉ።

ሁለተኛውን ጀመርን። እሱም ላይ ቤተሰቡ በሙሉ ከተማ የሚያክል ሕንፃ ውስጥ ሲገዛ ይውላል። አባትየው ፌስታል ተሸክሞ ከኋላ ከኋላ ይከተላል። ሰውየውን ሳየው እንባዬ መጣ። ቋንቋው ባይገባኝም ኑሮው ገባኝ። እናትየው አንድ ካፖርት ወደደች፤ ዋጋውን አየች፤ ተወደደባት፤ ካፖርቱን ሰቅላው ወጣች።

"አሁን ትጠራታለች" አለች ወይንሸት። ከሶፋው ቀና ብላለች። ከስንት ጊዜ በኋላ ድምፅዋ ውስጥ የድሮ ሙቀት ሰማሁ።

ሴትዮዋ በሩ ጋ ደረሰች። ሻጯ ፈገግ ብላ "መልካም ቀን" አለቻት።

"ተንኮለኛ ናት፤ በር እስክትወጣ እየጠበቀች ነው" አለች ወይንሸት።

ሴትዮዋ ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ገባች። መኪናው ተነሣ። ሻጯ ሌላ ካፖርት ታጥፋለች።

"አልጠራቻትም" አለች ወይንሸት፣ ቀስ ብላ።

"ፈረንጅ አይጠራም" አሉ እትዬ ዘነበች ነገሩን ሊያቀሉ ብለው፤ ቀጥለውም አባባሱት። "ያቺ ሀሊማሽም ፈረንጅ ሆናለች ማለት ነው።"

ወይንሸት ተነሥታ መኝታ ቤት ገባች። በሩን ዘጋችው። ሊያ አየችኝ፤ አማቴ አዩኝ፤ ፊልሙ ላይ ያለው ባለ ፌስታሉ አባት ራሱ ያየኝ መሰለኝ። ከበሩ ኋላ ስታለቅስ ይሰማል። ባል ሆናችሁ ይህን ድምፅ ሰምታችሁ የምታውቁ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ ያደረግሁትን ነገር ይቅር ትሉኛላችሁ።

ሽርጤን በሱሪ ቀይሬ ወጣሁ። ሳይጠሩት አቤት፣ ሳይልኩት ወዴት የሚባለው እኔ ነኝ። ሰዓቱ በቀትር ሙቀት የተዘጋው ሱቅ ሁሉ መልሶ የሚከፈትበት ነው። ሐሳቤ ቀላል ነበር፤ መጋረጃውን ገዝቼ፣ ሀሊማ ሰላም ብላሻለች ብዬ፣ ነገሩን እዘጋዋለሁ።

ሀሊማ መዝጊያውን ገና ገፍታ መክፈቷ ነው። ስታየኝ ፊቷ በራ፤ ከዚያ ከኋላዬ ወይንሸትን ፈለገች፤ አጣቻት፤ ፊቷ መልሶ ደበዘዘ። "ሰላም ናችሁ? ልጅቷ ሰላም ናት?" አለችኝ። ያን ወይን ጠጅ ጨርቅ እንደምፈልግ ነገርኳት። አወረደችውና ዋጋ ጠራች። ስንት እንደሆነ አልነግራችሁም፤ ከነገርኳችሁ አንዷ "አስወደድከኝ" ሌላዋ "አረከስከኝ" ብላ ትጣላኛለች።

"እሺ" አልኳት።

"እሺ ምን?"

"እሺ፣ ልክፈል።"

ሀሊማ ተቀመጠች። ከጎኗ ያለው ጫማ ሻጭ ሥራውን አቁሞ ዞሮ አየኝ።

"አቦ፣ ምን በደልኩህ?" አለችኝ። "መጀመሪያ የጠራሁት እኮ ነው! መጀመሪያ የሚጠራ ዋጋ ይከፈላል እንዴ? እሱ ሰላምታ ነው!"

ላብ አጠመቀኝ። እዚህ ላይ ዝም ብል ኖሮ ምንም አልነበረም። እኔ ግን ስጨነቅ ምላሴ ከእኔ ቀድሞ ይሮጣል። "እኔ ምን አውቃለሁ፤ ወይንሸት ናት የላከችኝ። የጠራችውን ከፍለህ ና ብላኝ ነው" አልኩ።

"ወይንሸት? አትከራከራት አለችህ?"

"አዎ" አልኩ። ውሸት እንደ ሳፋ ነው፤ አንዴ ካነሡት ገልብጠው እስኪያዩት አይለቁትም።

ሀሊማ ጨርቁን ወደ ራሷ ሳበችው። "ሀዬ" አለች፤ እሺ ማለቷ ነው። "ገባኝ። እንደማታውቀኝ ሰው ልትከፍለኝ ነው። ሂድ፤ አልሸጥም።" ጨርቁን ጠቅልላ ከሁሉም በላይ ያለው መደርደሪያ ላይ ሰቀለችው። ወጣሁ። ጭማቂ ቤቱ ጋ ደረስኩ። እኔንም አልጠራችኝም።

ቤት ስገባ ወይንሸት ፊቷን ታጥባ ሳሎን ተቀምጣለች። የመስኮቱ ጋቢ፣ አልጋ ልብስና ሻርፕ ወርዷል፤ ፀሐይዋም ከቴሌቪዥኑ ላይ ዞር ብላለች። አማቴ ደግሞ፣ ታምናላችሁ፣ ሦስተኛ ፊልም አስከፍተው ሻጮቹን እየተቆጡ ነው። "የት ነበርክ?" አለችኝ ወይንሸት። ፊቴን እያየች መዋሸት አልችልም፤ ነገርኳት።

"መጀመሪያ በጠራችው?" አለች። "በእኔ ስም? እሺ አልክ?"

"ላስታርቃችሁ ብዬ እኮ…"

"በእኔ ስም እሺ አልክ! ታይዋን ውስጥ! ጫማ ሻጩ ሰምቷል?"

"ትንሽ ሰምቷል።"

"ፎርሚዳብል! ድንቅ ነው!" አሉ አማቴ ከፊልሙ ሳይነቀሉ።

"በምን ዓይኔ ነው ከእንግዲህ ድሬ ላይ የምወጣው?" አለች ወይንሸት። ራሷን ይዛ "እሷስ ምን ትለኛለች? ናቀችኝ ነው የምትለው። አለቀ፤ በቃ አለቀ" እያለች ስትዞር፣ ከውጭ ባጃጅ ቆመ።

በባዶው መስኮት ሁላችንም አየን። ሀሊማ ጥቅል ጨርቅ ትከሻዋ ላይ አድርጋ ወረደች። እሷም እኛ እንዳየናት አየች። መጋረጃ ያለው ቤት ቢሆን "የለችም በሏት" ይባል ነበር፤ እኛ ግን ምን ብለን እንደበቅ? ወይንሸት በቆመችበት ቀረች። ሀሊማ በር ላይ ጫማዋን አውልቃ ገባች፤ ተቀመጪ ብንላትም አልተቀመጠችም።

"ወይንሸት" አለች። "ባልሽን የጠራችውን ከፍለህ ና ብለሽ ላክሽው?"

"እኔ?"

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ። እኔ ፊልሙን ማየት ጀመርኩ። ሊያ ግን ቴሌቪዥኑን አጠፋችው፤ የገዛ ልጄ!

"ሞቼ ነው እንደሱ የምልሽ!" አለች ወይንሸት። "ሀሊማ፣ አንቺን ሳልከራከር? ሙቺ ብዬሽ ነው? እሱ የራሱን ነው ያወራው፤ ታውቂው የለ!"

"እሱንማ አውቀዋለሁ" አለች ሀሊማ። እዚህ ላይ ሁለቱ ለመጀመሪያ ጊዜ ተስማሙ። "ታዲያ ለምን ተመልሰሽ አልመጣሽም?"

"አልጠራሽኝማ!"

ሀሊማ ጥቅሉን ከትከሻዋ አወረደች። "የዚያን ቀን ጠዋት ሂንዳ ከባሏ ጋር ጅጅጋ ሄደች" አለች። ሂንዳ የመጨረሻ ልጇ ናት። "እኔ አልነገርኩሽም፤ ከነገርኩሽ አለቅሳለሁ ብዬ። አባዮ፣ እኔ ሥራዬ መጣራት ነው። ጠዋት ና፣ ከሰዓት ነይ፣ ስጣራ እውላለሁ። ሰው ሁሉ ይሄዳል፤ እኔ በር ላይ ቆሜ እጠራለሁ። የዚያን ቀን ደከመኝ። ወይንሸት ግን ሳልጠራትም ትመለሳለች አልኩ በሆዴ። ሌላ ሻይ ቀዳሁልሽ። ሻዩ ቀዘቀዘ።"

ወይንሸት አንድ እርምጃ ቀረበቻት።

"እኔ ደግሞ ሳፋ ይዤ ቆሜ ነበር" አለች ወይንሸት። እንባዋ ወረደ።

"አይቼሻለሁ።"

"አይተሽኛል?"

"ወላሂ! ልጄ ሄዳብኝ እሷ ሳፋ ትገዛለች ብዬ ነው የተናደድኩት!"

ሳቅና ለቅሶ አንድ ላይ መጣ። ተቃቀፉ። "ለምን አልነገርሽኝም፣ አንቺ ሰይጣን" ትላለች አንዷ፤ "ለምን አልጠየቅሽኝም" ትላለች ሌላዋ። አማቴ በሻርፓቸው ዓይናቸውን ጠረጉ። እኔም ጉሮሮዬን ጠራረግሁ፤ እንደዚያ ፊልም ሳይሆን ከልቤ። ስለ ሂንዳ ተወራ፣ ስለ ጅጅጋ ተወራ፣ ሊያ ባመጣችው ሻይ ላይ ስለ ጉልበት ሕመም ተወራ፣ ስለ እኔም ተወራ።

ከዚያ ወይንሸት አፍንጫዋን ተናፈጠችና ጥቅሉን በጣቷ ነካ አደረገችው። "በይ፣ ስንት ነው?" አለች።

ሀሊማ ዋጋ ጠራች። ለእኔ ከጠራችው የበለጠ ነው። አፌን ልከፍት ስል አማቴ እግሬን ረገጡኝ።

"ገደልሽኝ!" አለች ወይንሸት ደረቷን ይዛ። ያቺን ቃል መናፈቄን እስክትወጣ አላወቅሁም ነበር።

ቀጠሉ። ጨርቁ ተዘረጋ፤ ተጠቀለለ፤ ወደ ብርሃን ተወሰደ፤ "ይለቃል" ተባለ፤ "ምላስሽ ይልቀቅ" ተባለ። አማቴ አንገታቸው ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲመላለስ ያን ሁሉ ፊልም ረስተውታል። ፀሐይዋ ዘቅዘቅ አለች። ወይንሸት የመጨረሻ ያለችውን ሰጠች፤ ሀሊማ የመጨረሻ ያለችውን ጠራች፤ በመሀል ያለችው ትንሽ ነገር ግን አልሞላ አለች።

"የመግሪብ ሶላት ሊደርስብኝ ነው" አለች ሀሊማ። ጥቅሏን ትከሻዋ ላይ አደረገች። ጫማዋን አጠለቀች። "በይ ደህና እደሪ።" ወጣች።

ሁላችንም ደረቅን። እንዲህ ያለ ነገር በሕግ የለም። ሁልጊዜ የምትሄደው ገዢዋ ነበረች፤ አሁን የሄደችው ሻጯ ናት። በመስኮቱ እናያታለን፤ በደጃችን ባለው ኮረኮንች ላይ ቀስ ብላ፣ በጣም ቀስ ብላ ትሄዳለች። ወይንሸት በሕይወቷ ሻጭ ጠርታ አታውቅም። አፏን ከፈት አደረገች።

"ዝም በይ!" አሉ እትዬ ዘነበች በሹክሹክታ። "ገዢ አይጠራም! ከጠራሽ ተበላሽ!"

ሀሊማ ከጎረቤታችን አጥር ደረሰች። ዕድሜዋን በሙሉ ስትጣራ የኖረች ሴት ጀርባዋን ሰጥታ ትሄዳለች፤ አልዞረችም። ወይንሸት እናቷን አየች። እኔን አየች። ከዚያ መስኮቱን ወለል አድርጋ ከፍታ፣ መንገዱ ሁሉ እየሰማ ጮኸች።

"ሀሊማ! ነይ! ኧረ ነይ!"

ሀሊማ ቆመች። የሰማችው እንዲደገምላት የምትፈልግ ትመስላለች። ወይንሸት ደገመችላት። ሀሊማ ፊቷ በእንባ ርሶ፣ ጥርሷ ሁሉ እየታየ ተመልሳ መጣች። በሩ ላይ ጫማዋን መልሳ እያወለቀች፣

"ሀዬ፣ መጣሁ" አለች። "አሁን ደህና ዋጋ ንገሪኝ።"